ከጋፒ ወደ ክላውንፊሽ፦ ጅማ ላይ የጨው ውኃ አኳሪየም እንዴት ይጀመራል?

ጋፒና ጎልድፊሽን የመሳሰሉ ጨው አልባ ውኃ የሚኖሩ ዓሦች አሳድጋችሁ እጃችሁ ከተፍታታ፣ ቀጥሎ ዓይን የሚጣለው እንደ ክላውንፊሽ ያለ የባሕር ዓሣ ላይ ነው። ጅማ ላይም ይቻላል። ችግሩ ዕቃውን ማግኘቱ ላይ ነው፤ ጨው፣ መለኪያና መመርመሪያ ኪት ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላክ ሊኖርባችሁ ይችላል። ስለዚህ ዕቃው ሁሉ ሳይሟላ አትጀምሩ።

መጀመሪያ ገንዳው። ትንሽ ገንዳ ርካሽ ነው፣ ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። ውኃው ሲያንስ ሙቀቱም ጨዋማነቱም ቶሎ ይለዋወጣል። 200 ሊትር ጥሩ መነሻ ነው። ውኃው ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን የቴሌቪዥን ማስቀመጫ ላይ አይሞከርም። የጅማ አናጺ እያለ ደግሞ ለዚህ ማን ይቸገራል? ጠንካራ የዋንዛ ጠረጴዛ አሠሩ፣ በደንብ ቫርኒሽ አስቀቡት፣ ቦታው ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ በውኃ ልክ ለኩት።

ቀጥሎ ውኃው። በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃው ውስጥ የሟሟውን ነገር በረቂቅ ወንፊት በሚያስቀር ማጣሪያ) ያለፈ ውኃ ይመረጣል። "ክረምቱን ሙሉ እየዘነበ ማጣሪያ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ ውኃ ግን ዚንክ ይዞ ሊወርድ ይችላል፤ ዚንክ ደግሞ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው።

የወጥ ቤት ጨውም አይሆንም፣ ከአፋር የመጣ ቢሆንም። እሱ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። የባሕር ውኃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየምም አለው። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው ድብልቅ ግዙ። ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል፤ ለ200 ሊትር ወደ 7 ኪሎ ማለት ነው። ፓምፕ እየዞረበት ይደር፤ ጠዋት በሬፍራክቶሜትር (በጨዋማነት መለኪያው) ስትለኩት 1.025 አካባቢ ማንበብ አለበት። ዓሣ ከገባ በኋላ ግን ጨው በቀጥታ ገንዳው ውስጥ አይበተንም። በባልዲ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ፣ ሙቀቱ ተስተካክሎ ነው የሚገባው።

ጅማ ላይ ሰው የሚዘነጋው ኦክስጅንን ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ፣ በ25 ዲግሪ፣ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውኃ 8.2 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። የባሕር ውኃ 6.7 ገደማ ብቻ ነው የሚይዘው። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለሆነች ይኸው ቁጥር ወደ 5.5 ይወርዳል። ለጋፒ ይበቃ የነበረ አንድ የአየር ፓምፕ እዚህ አይበቃም። የውኃውን ገጽ የሚያናውጥ ፓወርሄድ (ውኃ የሚገፋ ትንሽ ፓምፕ) ግጠሙ፣ ዓሣ አታብዙ፣ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ባለ ባትሪ የአየር ፓምፕም አስቀምጡ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ 200 ዋት የሆነ ሂተር 25 ዲግሪ ላይ ይስተካከል።

አሁን ድንጋይና አሸዋ አስገቡና ጠብቁ። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩት ጥቃቅን ባክቴሪያዎች የሚሰፍሩት ድንጋዩ ላይ ነው። የድሮው ገንዳችሁ ፊልተር እነዚህን ባክቴሪያዎች ያመጣልናል ብላችሁ አትመኑ፤ የጨው ውኃውን ሥራ የሚሠሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸው። ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉ። ሲበሰብስ ለዓሣ መርዝ የሆነ አሞኒያ ይወጣል፣ በባክቴሪያዎቹ ሥራ አሞኒያው ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱ ወደ ናይትሬት ይቀየራል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ጋ ነው፤ ውኃው ጥርት ብሎ ስለሚታይ ያለቀለት ይመስላል። ዓይናችሁን ሳይሆን ኪቱን እመኑ። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ካላሳዩ ዓሣ አይገባም።

ለመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ክላውንፊሽ ይበቃል፤ ከባሕር ከተያዘው ይልቅ በእርባታ ያደገው ይሻላል። ክላውንፊሽ ካጣችሁ ሞሊ የተባለውን የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ቀስ በቀስ ከጨው ውኃ ጋር ማለማመድ ይቻላል፤ የባሕር ጨዋማነትን የሚችል ዓሣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ነው። መስታወቱ ላይ የውኃውን ልክ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ሲተንን ጨው አብሮ አይሄድም፤ የጎደለውን የምትሞሉት ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ነው። በየሳምንቱ 10 በመቶ ያህሉን በጨው ውኃ ቀይሩ። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ስለሚገድል አጠገቡ አይድረስ። ክዳኑና ገመዶቹ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ጨው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። የኤሌክትሪክ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይታጠፍ፤ የሚወርደው ጠብታ መሬት ላይ እንጂ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ።