የድሮ ኮምፒውተር አልነሳ ሲል የኃይል ችግሩን እንዴት እንፈልግ?

ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ ኮምፒውተር እጃችን ሲገባ መጀመሪያ የሚያምረን ሰክቶ ማየት ነው። እባካችሁ ተዉት። እነዚህ ማሽኖች ላይ የሚገጥም ብልሽት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከፓወር ሰፕላዩ ነው። እሱ ደግሞ ሲበላሽ ቺፖቹን ይዞ ይሄዳል። ፓወር ሰፕላይ ይተካል። የዚያ ዘመን የምስልና የድምፅ ቺፕ ግን መመረት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ መሆኑ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሣሪያ) ሳይረጋገጥ ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት የለበትም።

ምሳሌ የማደርገው ኮሞዶር 64ን ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በሚሊዮኖች ስለተሸጠ ዛሬም በብዙ ሰው እጅ አለ። አዳፕተሩ፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካው ፓወር ሰፕላዩ፣ ደግሞ በዚህ በኩል ክፉ ስም አለው። አካሄዱ ለሌሎቹም ማሽኖች ይሠራል።

ብዙ ዕቃ አያስፈልግም። ቴስተር፣ ካቻቢቴ፣ ጫፋቸው መቆንጠጫ ያለው ሁለት ሽቦዎች፣ አንድ 5 ኦም የሆነና 10 ዋት የሚችል ሬዚስተር ይበቃሉ። ኦሲሎስኮፕ (የቮልቱን ለውጥ በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ካላችሁ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ብላችሁ ግን አትግዙ።

1. በዓይን ማየት

ገመዱ ከተሰነጠቀ፣ መሰኪያው ከጠቆረ ወይም የማረር ሽታ ካለው እዚያው አቁሙ። አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውንም ቮልት አንብቡ። ለ120 ቮልት የተሠራ አዳፕተር 220 ላይ ከተሰካ ይቃጠላል።

2. አዳፕተሩን ብቻውን መለካት

አዳፕተሩን ከኮምፒውተሩ ለይታችሁ ግድግዳው ላይ ሰኩት። የኮሞዶር 64 መሰኪያ ክብ ሲሆን በቅስት የተደረደሩ 7 ፒኖች አሉት። ዳርና ዳር ያሉት 6 እና 7 ቁጥር ናቸው፤ በመሃላቸው ወደ 9 ቮልት ኤሲ (አቅጣጫው የሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ይገኛል። የቅስቱ መሃል ላይ ያለው 2 ቁጥር ግራውንድ (ቮልቱ ሁሉ ከእሱ አንጻር የሚለካበት ዜሮ መስመር) ነው። ከእሱ በአንድ ወገን ያለው ጎረቤት 5 ቁጥር ነው፤ 5 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው የማይቀያየር ኤሌክትሪክ) የሚወጣው ከዚያ ነው። በሌላ ወገን ያለው 4 ቁጥር ባዶ ነው።

የፒኖቹ ቁጥር በተርታ አይሄድም፤ ከፊትና ከኋላ ሲታይም ይገለበጣል። ግራ ከገባችሁ የቴስተሩን ጥቁር መሃሉ ላይ ያዙና በቀዩ ሁለቱንም ጎረቤቶች ሞክሩ። አንዱ ላይ 5 ቮልት ታገኛላችሁ፣ ሌላው ላይ ምንም የለም። የቴስተሩ ጫፍ ሁለት ፒን አንድ ላይ እንዳይነካ ግን ተጠንቀቁ።

ቺፖቹ የተሠሩት ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳይ አዳፕተር ጉዳዩ አልቋል፤ ወደ ኮምፒውተሩ አይቅረብ።

3. ጭነት ሰጥቶ መለካት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባዶውን ሲለኩት ልክ 5 ቮልት ያሳያል፤ ጤነኛ ነው ተብሎ ይሰካል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ራሙ (የማስታወሻ ቺፑ) ይቃጠላል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በዚህ አዳፕተር ውስጥ ትራንስፎርመሩም ሬጉሌተሩም በጠነከረ ሙጫ ተሞልተው ተቀብረዋል። ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ሬጉሌተሩ ለዓመታት እዚያ ውስጥ ሲበስል ኖሯል። የሬጉሌተር ሥራ ከፍ ያለ ቮልት ተቀብሎ 5 ላይ መያዝ ነው። ሲደክም አንዳንዱ ዝም ብሎ ይሞታል፣ ያኔ ኮምፒውተሩ አይነሳም እንጂ አይጎዳም። አንዳንዱ ግን የተቀበለውን ቮልት እንዳለ ያሳልፋል። መጀመሪያ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ራሙ ነው። ይህ ብልሽት ቀዝቃዛ እያለ ላይታይ ይችላል፤ ሲሞቅ ብቅ ይላል።

ስለዚህ ኮምፒውተሩን ሳይሆን ሬዚስተሩን አስጭኑት። 5 ኦሙን በ5 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል ቆንጥጡ። 1 አምፒር ይስባል፣ 5 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣዋል። እጅ ያቃጥላልና ሸክላ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ ቴስተሩን እንደተገናኘ ተዉትና አንድ ሰዓት ያህል እየተመላለሳችሁ ቁጥሩን እዩ። ባላችሁበት ክፍል ይሁን፣ ጥላችሁት አትውጡ።

ቁጥሩ ከቆመበት ካልተነቃነቀ ጥሩ ነው። ቀስ እያለ ከ4.75 በታች ከወረደ ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ቮልቱን የሚያለሰልሰው ዕቃ) ወይም ሬጉሌተሩ ደክሟል። ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ንቀሉት፣ ተመልሶም አይሰካ። 5.3 ሲያሳይ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መውጣት የጀመረ የት እንደሚቆም አይታወቅም።

ጭነቱ ሳይነሳ ቴስተሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙራችሁ ያንኑ 5 ቮልት ለኩ። ጥቂት ሚሊቮልት ካሳየ ደህና ነው። ከ100 ሚሊቮልት ካለፈ ካፓሲተሩ ማጣራት አቅቶታል። ርካሽ ቴስተሮች ግን እዚህ ይዋሻሉ። ለማወቅ ያንኑ ቴስተር በኤሲ ላይ እንዳለ አንድ ባትሪ ለኩበት። ባትሪ ኤሲ የለውም፤ ቴስተሩ ቁጥር ካሳየ ለዚህ ሥራ አትመኑት።

ሙጫውን ቆፍሮ መጠገን አልመክርም። ድካሙ ብዙ ነው፣ ውስጡም ባለ 220 ወይም 120 ቮልት መስመር አለ። አዲስ የተሠራ ምትክ ግዙ። በስልክ ቻርጀር 5 ቮልቱን እሰጣለሁ የሚል ሐሳብም ይመጣል፤ 9 ቮልት ኤሲውን ስለማይሰጥ አይሆንም።

4. መብራቷ በርታ ስክሪኑ ጥቁር ሲሆን

የኮሞዶሩ ቀይ መብራት የምትበራው ከአዳፕተሩ በሚመጣው 5 ቮልት ነው። ስለ 9 ቮልቱ ምንም አትናገርም። 9 ቮልት ኤሲው ቦርዱ ላይ በፊውዝ አልፎ 7812 በተባለው ሬጉሌተር 12 ቮልት፣ በ7805 ደግሞ ሌላ የጠራ 5 ቮልት ይሆናል። የምስሉና የድምፁ ቺፖች የሚኖሩት በዚህ ነው። ፊውዙ ከተቃጠለ መብራቷ ትበራለች፣ ምስል ግን አይመጣም።

ፊውዙን ነቅላችሁ በኦም ለኩት፤ መስታወቱ ንጹሕ መሆኑ አያረጋግጥም። ወደ ዜሮ ካላሳየ ተበጥሷል። በዚያው መጠን ቀይሩት፣ በሽቦ ወይም በትልቅ ፊውዝ አይሆንም። አዲሱም ከተቃጠለ ከኋላው ሾርት ያደረገ ነገር አለ።

የሬጉሌተሮቹ እግር ከፊት ሲታይ በግራ መግቢያ፣ በመሃል ግራውንድ፣ በቀኝ መውጫ ነው። 7805 በደንብ እንዲሠራ መግቢያው ላይ ቢያንስ 7 ቮልት ይፈልጋል። መግቢያው በቂ ሆኖ መውጫው ካነሰ ኃይሉን አጥፍታችሁ ከመውጫው ወደ ግራውንድ በኦም ለኩ። ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካገኛችሁ ሬጉሌተሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሾርቱን ፈልጉ። በኋለኞቹ አጫጭር ቦርዶች ላይ በ12 ፋንታ 9 ቮልት ብታገኙ አትደንግጡ፣ የድምፅ ቺፑ ተቀይሯል።

5. ማብሪያ ማጥፊያው

አዳፕተሩ ጤነኛ፣ ፊውዙ ጤነኛ፣ ኮምፒውተሩ ግን አንዴ ይነሳል አንዴ ይደርቃል። እንዲህ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማብሪያ ማጥፊያውን ነው። ውስጡ ያለው ብረት ይዝጋል። 0.3 ኦም ብቻ ቢጨምር፣ 1 አምፒር ሲያልፍበት 0.3 ቮልት ይበላል። 5 ቮልቱ 4.7 ሆኖ ቺፑ ጋ ይደርሳል።

ይህን በኦም ለመያዝ አትሞክሩ። የቴስተሩ ገመድ ራሱ ያን ያህል ኦም አለው። ይልቅ ኮምፒውተሩ እየሠራ ቴስተሩን በዲሲ ቮልት አድርጋችሁ 5 ቮልቱ በሚገባበትና በሚወጣበት የማብሪያው እግር ላይ አኑሩት። ጥሩ ማብሪያ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ያሳያል። 200 ወይም 300 ካያችሁ በኮንታክት ማጽጃ እጠቡትና ደጋግማችሁ አብሩ አጥፉ፤ ካልተሻለው ቀይሩት። የመሰኪያውንም ፒኖች በዚሁ መንገድ መፈተሽ ይቻላል።

6. ሌሎች ማሽኖች

ዜድኤክስ ስፔክትረም 9 ቮልት ዲሲ የሚል አዳፕተር አለው። ባዶውን ሲለካ ከ9 በደንብ ከፍ ይላል፤ ሬጉሌተሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ይህ ጤነኛ ነው። መሰኪያው ግን መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ የምናገኛቸው አዳፕተሮች አብዛኞቹ መሃላቸው ፖዚቲቭ ስለሆነ፣ መጠኑ ገጠመ ብላችሁ እንዳትሰኩ። ታችኛው ራሙ 5፣ 12 እና ኔጌቲቭ 5 ቮልት ይፈልጋል፤ ኔጌቲቩ ጠፍቶ 12ቱ ከቀረ ቺፖቹ ይሞታሉ። 12ቱና ኔጌቲቭ 5ቱ ሲጠፉ ቦርዱ ላይ ቲአር 4 የተባለውን ትራንዚስተር መርምሩ።

ቢቢሲ ማይክሮን የመሰሉ ፓወር ሰፕላያቸው ውስጣቸው ያለ ማሽኖች ላይ ሪፋ የተባሉ ቢጫ መሳይ ካፓሲተሮች አሉ። ሽፋናቸው ሲሰነጠቅ እርጥበት ይገባና ሲሰኩ በሚከረፋ ጭስ ይፈነዳሉ። ሳይፈነዱ በፊት በተመሳሳይ መጠንና በዚያው የደህንነት ደረጃ ቀይሯቸው። ይህን ሣጥን ለመክፈት ግን ከግድግዳ ኃይል ጋር የሠራችሁ መሆን አለባችሁ። በ230 ቮልት መስመር ላይ ትልቁ ካፓሲተር 325 ቮልት ያህል ይይዛል፤ ከተነቀለም በኋላ ይቆያል። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ መጥፎ ልማድ ነው። በሬዚስተር አራግፉ፣ ከዚያ ለኩ፣ ከዚያ ንኩ።

7. መጀመሪያ ሲበራ

ካርትሪጁን፣ ዲስክ ድራይቩን፣ ሁሉንም ንቀሉ። ቴስተሩን በመቆንጠጫ ራሙ ላይ አኑሩ፤ በኮሞዶር 64 ባለ 16 እግር ራም ላይ 8 ቁጥር እግር 5 ቮልት፣ 16 ቁጥር ግራውንድ ነው። አንድ እጃችሁ ማብሪያው ላይ ይሁን። አብሩና ከስክሪኑ በፊት ቴስተሩን እዩ። ከ5.25 ካለፈ ወዲያው አጥፉ። ልክ ከሆነ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆዩበት። ቮልቱ ሁሉ ልክ ሆኖ ስክሪኑ ጥቁር ከቀረ ችግሩ ከኃይል ወጥቶ ቺፖቹ ዘንድ ገብቷል። የድሮውን አዳፕተር ለመጠቀም ከወሰናችሁ ደግሞ ቮልት ሲያልፍ የሚቆርጥ መከላከያ በመሃል አስገቡ።