ፋየርዎሉ ጠፍቶ ሲገኝ

«ለቤት ኮምፒውተር ፋየርዎል ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ደንበኛ ብዙ ነው። ያልተፈቀደ ግንኙነት በኔትወርክ ወደ ኮምፒውተሩ እንዳይገባ ያግዳል። ያስፈልጋል፤ ግን አይገዛም። በ2004 እ.ኤ.አ. ለዊንዶውስ ኤክስፒ ከወጣው ሁለተኛው ሰርቪስ ፓክ (ትልቅ ማሻሻያ) ወዲህ ዊንዶውስ ሲጫን አብሮ በርቶ ይመጣል። ደሴ ላይ ላፕቶፕ ስጠግን በየጊዜው የማየው ግን ይኸው በርቶ የመጣው ጠፍቶ ነው።

ምልክት፦ ታበሩታላችሁ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይጠፋል። ወይም ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ይላል።

ምክንያት፦ ክራክ፣ ማለትም የሚከፈልበትን ፕሮግራም ሳይከፈል የሚያስከፍት ሕገወጥ ፕሮግራም። መመሪያው «መጀመሪያ አንቲቫይረስና ፋየርዎል አጥፋ» ይላል፣ ሰው ይታዘዛል፣ መልሶ የሚያበራ የለም። አንዲት ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏን የያዘ ላፕቶፕ ከኮምቦልቻ ሦስት ጊዜ አመላልሳብኛለች። አበራላታለሁ፣ በሳምንቱ ጠፍቶ ትመጣለች። በሦስተኛው ታስክ ስኬጁለርን (ትእዛዝ በራሱ ጊዜ የሚያስጀምረውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ከፍቼ አየሁ፤ ፎርማት ያደረገላት ሰው የጫነው የኦፊስ ክራክ፣ ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ፋየርዎሉን የሚያጠፋ ትእዛዝ አስቀምጧል። ገንዘብ ተቀብሎ እንዲህ ያለ ነገር ጭኖ መስጠት ያናድደኛል። ልጅቷ ምን አጠፋች?

መፍትሄ፦ ከሁሉ በፊት ፋይላችሁን ገልብጡ። ክራኩን አውጡ፣ ታስክ ስኬጁለር ውስጥ የተከለውንም ሰርዙ፤ እሱ ሳይወጣ ማብራት ድካም ብቻ ነው። ቀጥሎ የዲፌንደርን (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ኦፍላይን ስካን አስኪዱ። ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ዝርዝር) ውስጥ ፋየርዎሉ የሚደገፍበት «ቤዝ ፊልተሪንግ ኢንጂን» እና የፋየርዎሉ ሰርቪስ አውቶማቲክ ላይ ይሁኑ። ማብሪያው ከደበዘዘ ሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር የሚቀመጥበት) ላይ፣ ማይክሮሶፍት ፖሊሲ ስር «ዊንዶውስፋየርዎል» የሚል ማህደር ተጽፎ ይሆናል፤ ኤክስፖርት ሳታደርጉ (ቅጂውን ሳታስቀምጡ) እንዳትሰርዙት! በመጨረሻ የፋየርዎሉን ቅንብር ወደ መጀመሪያው የሚመልሰውን «ሪስቶር ዲፎልትስ» ተጫኑ። ይህ ሁሉ ካልሠራ ንጹሕ ዊንዶውስ ይጫን፤ ያንኑ ክራክ ያለበትን ፍላሽ ግን መልሳችሁ እንዳትሰኩ።

ጊዜው ያለፈበት የሙከራ አንቲቫይረስም የዊንዶውስን ፋየርዎል አስጠፍቶ ይቀመጣል። ሙሉ በሙሉ አራግፉት።

«ራውተር አለኝ፣ ይበቃል» ለምትሉ፦ ራውተሩ ከውጭ የሚመጣውን ይመልሳል። በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ከተበከለ ላፕቶፕ የሚመጣውን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያግድም። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ዓለምን ሲያዳርስ ማንም ምንም ሳይጫን፣ ፋይል ለመጋራት በሚውለው የኔትወርክ በር፣ በፖርት 445 ነበር ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የዘለቀው። ፒያሳ ካፌ ተቀምጣችሁ ዋይፋይ ስትይዙ ሌሎች ኮምፒውተሮች የእናንተን እንዳያዩ የሚያደርገውን «ፐብሊክ» ምረጡ። ሆቴልም እንደዚያው። የጎረቤት ዋይፋይም!

ፕሪንተር በኔትወርክ እምቢ ካለ የፋይልና የፕሪንተር ሼሪንግን (መጋራትን) «ፕራይቬት» (የምታምኑት የራሳችሁ ኔትወርክ) ላይ ብቻ ፍቀዱ፤ ፋየርዎሉን አታጥፉ።

ፍላሽ ላይ ፋይሉ ሁሉ ሾርትከት ከሆነ ፋየርዎል አይመለከተውም። ሾርትከቱን ሳትነኩ የተደበቀ ፋይል ማሳያውን አብሩ፤ ዶክመንቱ ብዙ ጊዜ እዚያው አለ።