የኤቲቪ የፍሬን ዘይት አቀያየርና የአየር አወጣጥ

የኤቲቪ (ባለ አራት ጎማ ሞተር) የፍሬን እጀታ ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ወይም እስከ መሪው ድረስ ተስቦ ከመጣ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የዘይቱን ቋት ክዳን ከፍቶ ዘይት መጨመር ነው። ዘይት መጨመር ግን በመስመሩ ውስጥ የገባውን አየር አያስወጣም፤ ያረጀውንም ዘይት አያድሰውም። ባለ አራት ጎማውን ሞተር በጭቃ፣ በወንዝና በአሸዋ ላይ የሚነዳ ሰው ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ማውጣትና በአዲስ መተካት መልመድ አለበት፤ ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።

ዘይቱ የሚያረጀው ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚስብ ነው። ዶት 3፣ ዶት 4 እና ዶት 5.1 የሚባሉት የፍሬን ዘይት ዓይነቶች በጎማ ቱቦውና በጎሚኒዎቹ በኩል ሳይቀር ቀስ በቀስ ውሃ ይወስዳሉ። አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ይጠበቅበታል፤ 3.7 ከመቶ ያህል ውሃ ሲቀላቀልበት ግን ይህ መለኪያ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140 ናቸው። ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ኤቲቪ ፍሬኑ ሲግል በዘይቱ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ እጀታው ምንም ሳይዝ ይገባል። ከዚህም በላይ እርጥበቱ የካሊፐሩን (ጎማው አጠገብ ሆኖ ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል) ሲሊንደርና ፒስተን ከውስጥ ያዝጋል። አብዛኞቹ አምራቾች በየ2 ዓመቱ እንዲቀየር የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሞተር ከሆነ በየዓመቱ መቀየር የሚያስቆጭ ወጪ አይደለም።

የትኛው ዓይነት ዘይት እንደሚገባ በቋቱ ክዳን ላይ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ላይ ዶት 4 የሚለው ይገኛል። ዶት 5 ከስሙ በስተቀር ከሌሎቹ ጋር አይዛመድም፤ በሲሊኮን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ከእነርሱ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት ጥቂት ጠብታ እንኳ ከገባ ጎሚኒዎቹን ስለሚያሳብጥ መስመሩን በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ከፍተው ለወራት መደርደሪያ ላይ ያቆዩትን ጠርሙስ አይጠቀሙ፤ እርጥበቱን በዚያው ጠጥቶ ጨርሷል። አነስ ያለና እሽጉ ያልተከፈተ ጠርሙስ ይግዙ።

ሞተሩን ሜዳ ላይ ያቁሙትና እስኪበርድ ይጠብቁ። የሚያስፈልገው የአየር ማውጫውን ብሎን የሚገጥም ቁልፍ፣ ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 ቁጥር፣ በብሎኑ ጫፍ ላይ ጥብቅ ብሎ የሚገባ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦ፣ አንድ ባዶ ጠርሙስ፣ ሲሪንጅ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ነው። የፍሬን ዘይት ቀለምንና ፕላስቲክን ስለሚበላ ከቋቱ በታች ያለውን አካል በጨርቅ ይሸፍኑ፤ ከፈሰሰም ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ቋቱ ያለው በመሪው ላይ ስለሆነ፣ የቋቱ ክዳን ወደ ጎን ሳያዘነብል አግድም እስኪሆን ድረስ መሪውን ያዙሩት። ክዳኑን ከመንካትዎ በፊት ዙሪያውን በደንብ ይጥረጉ፤ በረሃ ላይ የሚነዳ ሰው በተለይ ለዚህ ይጠንቀቅ፤ ወደ ቋቱ የምትገባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የማስተር ሲሊንደሩን (እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱን ወደ መስመሩ የሚገፋውን ክፍል) ጎሚኒ ልትፍቅ ትችላለች። ክዳኑን የሚይዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ጭንቅላታቸው በቀላሉ ይላጫል፤ ስለዚህ ልክ የሚገባ ካቻቢቴ መርጠው፣ እጀታውን በመዶሻ ቀስ አድርገው መታ መታ ካደረጉ በኋላ፣ ወደ ታች ተጭነው ይፍቱ።

ከዚህ በፊት ግን የፍሬን ሸራውን ይመልከቱ። ሸራ ሲያልቅ ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ስለሚወጡ ዘይቱ ተከትሏቸው ወደ ካሊፐሩ ይወርዳል፤ የቋቱም መጠን ሳይፈስ ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ ዘይት የሞላ ሰው በኋላ አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኖቹን ሲገፋ ቋቱ ሞልቶ በታንከሩ ላይ ይፈስበታል። ሸራው ያለቀ ከሆነ እርሱን አስቀድመው ይቀይሩ።

ክዳኑ ሲከፈት አሮጌውን ዘይት ከቋቱ በሲሪንጅ ይምጠጡ፣ በታች የተቀመጠውን ዝቃጭ ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ አዲስ ዘይት ይሙሉ። ቋቱ ባዶ ሳለ እጀታውን ፈጽሞ አይጨብጡ። ይህን ቀድሞ ማድረግ ቆሻሻው በመስመሩ በሙሉ እንዳይገፋ ያደርጋል፤ ዘይትም ይቆጥባል።

አሁን ወደ ካሊፐሩ ይሂዱ። የብሎኑን የጎማ ቆብ አንሥተው ጭቃውን ያጽዱ፤ መጀመሪያ ቁልፉን፣ ቀጥሎ ቱቦውን በብሎኑ ላይ ያስገቡ። ቱቦው ወደ ላይ ቀለበት ሠርቶ ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ይውረድ፤ ጫፉም በጠርሙሱ ውስጥ ባለ ጥቂት አዲስ ዘይት ውስጥ ይጥለቅ። እጀታውን ሦስት አራት ጊዜ በዝግታ ይጨብጡና አጥብቀው ይያዙ። ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይክፈቱ፤ እጀታው ይወርዳል፣ ዘይቱም በቱቦው ይወጣል። እጀታው እንደተያዘ ብሎኑን ይዝጉ፤ ከተዘጋ በኋላ ብቻ እጀታውን ይልቀቁ። ሥራው በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው፤ ብሎኑ ክፍት ሳለ እጀታው ከተለቀቀ የወጣው አየር ወይም አሮጌ ዘይት ተመልሶ ይሳባል። ረዳት ካለ አንዱ በእጀታው፣ ሌላው በብሎኑ ላይ ይቀመጥ፤ ብሎኑን የያዘው «ያዝ» ሲል ሌላው አጥብቆ ይያዝ፣ «ልቀቅ» እስኪባል ድረስም ጣቱን አያላላ።

እጀታው አምስት ስድስት ጊዜ በተጨበጠ ቁጥር ቋቱን ይመልከቱ፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት ሳይወርድ አዲስ ይጨመር። ከወረደ ማስተር ሲሊንደሩ አየር ይስባል፤ እስካሁን የተሠራውም እንደገና መጀመር አለበት። በቱቦው ውስጥ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቡናማ ዘይት፣ ከዚያም አረፋ እየተቆራረጠ ያልፋል፤ ቀስ በቀስ ፈዛዛ ቢጫ የሆነው አዲሱ ዘይት ያለ አረፋ መውረድ ሲጀምር ያ ካሊፐር ጠርቷል ማለት ነው።

ከአንድ ማስተር ሲሊንደር ብዙ ካሊፐሮች የሚነሱ ከሆነ ከሩቁ ጀምረው ወደ ቅርቡ ይምጡ። እንደ ፖላሪስ ስፖርትስማን ባሉት ላይ አንዱ የግራ እጀታ አራቱንም ጎማዎች ስለሚይዝ መስመሩ ረጅም ነው፤ ብዙ ዘይት ያዘጋጁ። የኋላው ፍሬን በካቦ የሚሠራ ድራም ከሆነ ግን ዘይት የለውም፤ የሚያስፈልገው ካቦውን ማስተካከል ብቻ ነው።

ሥራው አልቆ እጀታው አሁንም ሊለሰልስ ይችላል፤ ብዙዎች ተስፋ የሚቆርጡት እዚህ ላይ ነው። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከመስመሩ ሁሉ ከፍ ብሎ የሚገኘው ቱቦው ከማስተር ሲሊንደሩ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ጥቂት አረፋ ይዞ ይቀራል። ክዳኑን ሳያስሩ ከላይ ደፍተው እጀታውን በትንሹ ብቻ ደጋግመው ቢነኩት ትንንሽ አረፋዎች በቋቱ ውስጥ ሲወጡ ይታያሉ። አረፋ ከሌለ፣ በዚያ መጋጠሚያ ዙሪያ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እጀታው እንደተያዘ የመጋጠሚያውን ብሎን በጥቂቱ አላልተው መልሰው ያጥብቁ። ቱቦውንና ካሊፐሩን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ ማድረግም የተጣበቀውን አረፋ ያላቅቃል። እጀታውን በጎማ ማሰሪያ አስሮ ማሳደርም በብዙ አጋጣሚ ይረዳል። ካሊፐሮች ተፈተው ተመልሰው የታሰሩ ከሆነ ደግሞ ግራና ቀኙ እንዳልተለዋወጠ ያረጋግጡ፤ የአየር ማውጫው ብሎን በካሊፐሩ አናት ላይ ካልሆነ ስንት ጠርሙስ ቢፈስ አየሩ አይወጣም። የማያቋርጥ ጥቃቅን አረፋ ቢያዩም አይደንግጡ፤ አንዳንዴ አየሩ ከውጭ በብሎኑ ጥርስ በኩል የሚገባ ስለሆነ፣ ፍርዱን ለአረፋው ሳይሆን ለእጀታው ጥንካሬ ይተዉት።

የአየር ማውጫው ብሎን መሐሉ ክፍት ስለሆነ በጉልበት ሲጠብቅ ይሰበራል፤ በብዙ ሞዴሎች የሚፈቀደው 6 ኒውተን ሜትር አካባቢ ብቻ ነው፣ ትክክለኛውን ቁጥር ከመመሪያው ይውሰዱ። ቋቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሞልተው፣ ከክዳኑ ሥር ያለውን ጎሚኒ ወደ ቅርጹ መልሰው ይግጠሙ። ከዚያ እጀታውን ጨብጠው አንድ ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ይያዙት፤ ቀስ እያለ ወደ መሪው ከሰመጠና በውጭ የሚታይ ፍሳሽ ከሌለ፣ የማስተር ሲሊንደሩ ውስጣዊ ጎሚኒ አርጅቷል ማለት ስለሆነ አየር በማውጣት የሚፈታ አይደለም። ዘይት የነካው ሸራ ይቀየር፤ ዲስኩም በፍሬን ማጽጃ ይጠረግ። የመጀመሪያው ሙከራ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በእግር ፍጥነት ይሁን፤ ፊትና ኋላው በየተራ ይፈተኑ።

የወጣው ዘይት መርዛማ ነው። መሬት ላይ ወይም የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አይደፋ፣ ተመልሶም አይሞላ፣ ከአሮጌ የሞተር ዘይት ጋርም አይቀላቀል፤ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ምንነቱ ተጽፎበት ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥና እንዲህ ያለ ፈሳሽ ለሚሰበስብ ጋራዥ ይሰጥ።