የአባታችሁን ዜማዎች አልበም ልትሰሩ ነው? እኛ የተሳሳትነውን አትሳሳቱ

አባዬ ካረፈ በኋላ አራታችን ልጆቹ ዜማዎቹን ሰብስበን መታሰቢያ አልበም እንስራለት ተባብለን እዚሁ ሀዋሳ ሳሎናችን ውስጥ ከተስማማን ሁለት አመት አለፈ፣ አሁን ሚክሲንግ (የተቀዱትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሃድ) ላይ ነን፣ በመሀል ያበላሸነው ግን ብዙ ስለሆነ የሙዚቀኛ ቤት ልጆች የሆናችሁ ካሁኑ እወቁት ብዬ ነው የምፅፈው።

አንደኛው ስህተት፣ ካሴት እንደተገኘ ቴፕ ውስጥ መክተት ነው። የአባዬ ካሴቶች ብፌው ስር በጫማ ካርቶን ነበሩ፣ ወንድም ጋሼ ደስ ብሎት አንዱን አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተተውና ቴፑ ክሩን በላው። አባዬ ክራር እየመታ አዲስ ዜማ የሚሞክርበት ካሴት ነበር፣ መሀል ላይ እማዬ "ቡናው ደርሷል" ስትለው ይሰማል። ግማሹን ብቻ ነው ያዳንነው። ስለዚህ መጀመሪያ የቴፑን ሄድ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ብረት) በአልኮልና በጥጥ ጥረጉ፣ ክሩ የላላ ከሆነ በእስክሪብቶ ቀስ አድርጋችሁ አጥብቁት፣ ማንም በስህተት እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፣ ከዛ አንዱን ጎን ሳታቋርጡ ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ። ባለ 60 ካሴት አንድ ጎኑ 30 ደቂቃ ነው፣ ታገሱ። ድምፁን በሚጨምቀው ኤምፒስሪ ሳይሆን በማይጨምቀው ዋቭ፣ 24 ቢት ይሁን፣ ኮፒውንም በተለያየ ሰው ቤት አስቀምጡ።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት ደግሞ የካሴቱን ቃና እንዳለ ማመን ነው። ባትሪው በደከመ ቴፕ የተቀዳ ካሴት ዛሬ በደህና ቴፕ ሲጫወት ይፈጥናል፣ ቃናውም ከፍ ይላል። እኛ ሳናውቅ ከዛ ላይ ኪይ (የዘፈኑን መነሻ ቃና) ወስደን እታለም ለሁለት ሳምንት ድምፅዋ እስኪዘጋ ዘፈነች። በኋላ ትንሹ ወንድሜ ካሴቱ ላይ የሚሰማው የአባዬ ዋሽንት ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ አስታወሰ፣ ዋሽንት ቀዳዳው ስለማይቀየር ቃናው ያው ነው፣ አውርዶ ሲነፋው ከካሴቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኪይ ወረደ፣ እታለምም ተነፈሰች።

በጣም የሚቆጨኝ ግን ዜማውን "ማሻሻላችን" ነው። አባዬ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት የሰራውን አንድ ዜማ አቀናባሪው ኪቦርድ ላይ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ሲያለብሰው አንዷን ኖታ ቀየራት፣ እኛም ዘመናዊ ሆነ ብለን አጨበጨብን። ለአባዬ የድሮ ጓደኛ፣ አብሮት ማሲንቆ ይመታ ለነበረ ሰው አሰማነው። ዝም ብሎ ሰማና "ልጆቼ፣ አንቺሆዬውን የት አደረሳችሁት?" አለን። ቅኝት እኮ ከአምስት ድምፅ ነው የሚሰራው፣ አንዷን ስትነካ ዜማው ሌላ ሰው ይሆናል። የዘፋኝን ቃና የሚያስተካክለው አውቶቲዩን የሚባል ፕሮግራምም ያው ነው፣ ዘፋኙ ድምፁን የሚያርገበግብበትን ቦታ ሁሉ ወደ ፒያኖ ቃና ይጎትተዋል። ኮርድ አትጠቀሙ አይደለም የምለው፣ መጀመሪያ በክራር ብቻ ዘፍናችሁ ቅዱት፣ ቅንብሩ ያንን ሲያጠፋው ያኔ ትሰማላችሁ።

ማን የቱን ይዘፍናል የሚለውን ደግሞ ቤት ጨርሱ፣ እኛ በሰአት እየከፈልን ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተጣላነው።

ሌላው፣ ዜማው የአባቴ ከሆነ ሁሉም የኔ ነው ማለት። አባዬ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ ስለነበር ዜማ እሱ ይሰራል ግጥም ሌላ ሰው ይሰጠዋል፣ ስለዚህ የገጣሚውን ቤተሰብ ፈልጎ ማስፈቀድ ግድ ነው። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሰረት የደራሲ (የዜማም የግጥምም) መብት በህይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 አመት ይጠበቃል፣ ለወራሾች ነው የሚያልፈው። እናንተም ብትሆኑ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፣ ወንድማማች ነን ምን ወረቀት ያስፈልጋል አትበሉ፣ ማን ስንት እንደሚደርሰው ፃፉና ሁላችሁም ፈርሙ። ያኔ አብረውት የተጫወቱትንም ስማቸውን ሽፋኑ ላይ አስገቡ፣ ገና በህይወት ያሉ አሉ።

በመጨረሻ፣ የካሴቱን ሹሹታ ጨርሶ ማጥፋት። ሚክስ የሚያደርገው ልጅ ከተረፈችው ካሴት ላይ ሹሹታውን ሙልጭ ሲያደርገው የክራሩ ጥፍር ድምፅ አብሮ ሄደ፣ የእማዬም ድምፅ ቆርቆሮ ሆነ። መልስልን አልነው። ሹሹታው ትንሽ ብቻ ተቀንሶ፣ "ቡናው ደርሷል" እንዳለ፣ የአልበሙ መጨረሻ ላይ ገብቷል።