ባትሪው አይደለም፣ ቆቧ ናት

በማስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ካሉት ማሽኖች ስድስቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ናቸው። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ የባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው ፕሮግራም) የይለፍ ቃል አስገብቶባቸው ሄደ፤ ደውለን ብንጠይቀው “ኧረ ረስቼዋለሁ” አለን። እኔ ደግሞ ዊንዶውስን ከፍላሽ እንደ አዲስ ልጭን ነው፤ ያለዚያ ቃል አይሆንም።

መጀመሪያ የጠፋባችሁ የትኛው ቃል እንደሆነ ለዩ። ዊንዶውስ ተነስቶ ስማችሁ ከታየ በኋላ የሚጠየቀው ከሆነ ክዳን መክፈት አያስፈልግም። እዚህ የማወራው የዴል አርማ እንደታየ ኤፍ 2 ስትጫኑ ስለሚጠየቀው ነው። ላፕቶፕ ላይም ከታች የምነግራችሁ ዘዴ በአብዛኛው አይሠራም።

“የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ባትሪ ከተነቀለ ቃሉ ይጠፋል” ሲባል የሰማሁትን አምኜ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ባትሪዋ ነበር። ሳንቲም የምታክለውን ባለ 3 ቮልት ሲ አር 2032 ነቅዬ ጠረጴዛ ላይ አሳደርኳት። ጠዋት ስመልሳት ኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓቱን ረስቷል፤ የይለፍ ቃሉን ግን ጥርት አድርጎ ያስታውሳል! በድሮ ማሽኖች ቃሉ በባትሪ ኃይል በሚኖረው ሲሞስ በሚባል ትንሽ ማኅደር ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ እንደነዚህ ያሉት የቢሮ ማሽኖች ግን ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ቺፕ ላይ ያኖሩታል። ትርፌ ጣጣ ሆነ፤ ኮምፒውተሩ ከዲስኩ ጋር የሚግባባበት አሠራር ወደ ፋብሪካው ምርጫ፣ ሬይድ ወደሚባለው ተመልሶ ዊንዶውስ ሰማያዊ ገጽ እያሳየ ይቆም ጀመር።

ሁለት ነገር ሳታሟሉ ካቻቪቴ አታንሡ። ዲስኩ በዊንዶውስ መቆለፊያ በቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁጥር ያዙ። የመንግሥት ንብረት ከሆነ ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰው አጠገባችሁ ይቁም፤ ነገ ራም ጎደለ ቢባል መልስ ያለው እሱ ብቻ ነው።

አሁን ማሽኑን አጥፍታችሁ የኃይል ገመዱን ንቀሉ። ማብሪያውን 15 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አፍስሱ። ክዳኑን ከፍታችሁ ባዶውን ብረት ንኩ፤ በሰውነታችሁ ያለው ኤሌክትሪክ ቺፖቹን እንዳይጎዳ ነው። የእኛዎቹ ውስጥ አቧራው ከመብዛቱ የተነሣ የማዘርቦርዱን ጽሑፍ ለማንበብ በቅድሚያ የሥዕል ብሩሽ አስፈልጎኛል። ፒ ኤስ ደብሊው ዲ የሚሉ የእንግሊዝኛ ፊደላትን ፈልጉ። አጠገባቸው ሁለት ቀጫጭን ፒኖችን ያገናኘች፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የፕላስቲክ ቆብ አለች። በወረንጦ ሳብ አድርጋችሁ አውጧትና አደራ፣ እንዳትጠፋ።

ገመዱን ሰክታችሁ ማሽኑን ያለ ቆቧ አስነሡት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አውጥተው ወዲያው ይመልሷታል። ማሽኑ ያለ ቆቧ አንድ ጊዜ ካልተነሣ ቃሉ አይሰረዝም። ከተነሣ በኋላ አጥፉት፣ ገመዱን ንቀሉ፣ ቆቧን ወደ ቦታዋ መልሱ። አዲስ ቃል የምታስገቡት ከዚህ በኋላ ነው።

ባትሪ ነቅላችሁ ከነበረ ኤፍ 2 ገብታችሁ ቀኑን አስተካክሉ፤ ቀኑ ከተሳሳተ ብዙ ድረ ገጾች አይከፈቱም። የዲስኩን አሠራርም ወደ ነበረበት መልሱ፤ የእኛዎቹ ኤ ኤች ሲ አይ በሚባለው ላይ ነበሩ።

ስድስቱም እስከ ምሳ ሰዓት አለቁ። አዲሱን ቃል ጽፌ በታሸገ ፖስታ ለንብረት ክፍሉ ሰው ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም ፖስታውን አገላብጠው አዩና ሞዴል 19 ቆረጡልኝ።