ፐርፍ ከርነሉን በትክክል አላሳይ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ፐርፍ ሲፒዩው ጊዜውን በየትኛው ኮድ ላይ እንደሚያጠፋ በናሙና የሚያሳይ የሊኑክስ መሣሪያ ነው፤ ከርነሉ ደግሞ የሊኑክስ እምብርት። መነሻ ኮማንዳችን ፐርፍ ሪከርድ ነው፦ ሁሉንም ሲፒዩ በትንሿ ኤ፣ የጥሪ ሰንሰለቱን (ማን ማንን እንደጠራ) በትንሿ ጂ፣ ፍጥነቱን በትልቁ ኤፍ 99 (በሴኮንድ 99 ናሙና)፣ ጊዜውን በስሊፕ 30 (30 ሴኮንድ)። 99 ያልነው አውቀን ነው፤ ልክ 100 ከሆነ በመደበኛ ልዩነት ከሚነሱ የታይመር ሥራዎች ጋር እኩል እየረገጠ አንዱን ደጋግሞ ይይዛል፣ ወይም ጭራሽ ያልፈዋል።

ምልክት፦ ፈቃድ ይከለክላል፣ ወይም ሪፖርቱ ውስጥ ከርነሉ የለም።
ማን ምን መለካት እንደሚችል የሚወስነው ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ የሚባለው ቅንብር 2 ወይም ከዚያ በላይ ነው። 1 ብታደርጉት የራሳችሁን ፕሮሰስ ከነከርነል ክፍሉ ታያላችሁ፤ ሁሉንም ሲፒዩ ለማየት ግን 0 ይፈልጋል። በሱዶ (በአስተዳዳሪው በሩት ሥልጣን) ማስኬዱ ይቀላል።

ምልክት፦ በፈንክሽን ስም ፋንታ ባዶ አድራሻ ይወጣል።
ፕሮክ ሥር ያለውን፣ የከርነል ፈንክሽኖችን ስምና አድራሻ የሚዘረዝረውን ካልሲምስ ፋይል ክፈቱ። አድራሻው ሁሉ ዜሮ ከሆነ ኬፒቲአር ሪስትሪክት የሚባለው ቅንብር ደብቆታል። 1 ሲሆን ለሩት ይታያል፤ 2 ሲሆን ከሩትም ይደበቃል። 0 አድርጋችሁ እንደገና ቅዱ፤ የድሮውን ፋይል መልሶ መክፈት አይበቃም። ስትጨርሱ ወደነበረበት መልሱት።

ምልክት፦ ቨርቹዋል ማሽን ላይ አንደኛ የሚወጣው ሁልጊዜ ሮው ስፒን አንሎክ አይአርኪው ሪስቶር ነው (መቆለፊያ ፈትቶ ኢንተራፕትን፣ ማለትም ሲፒዩውን ከሥራው የሚያቋርጠውን ጥሪ፣ መልሶ የሚከፍት የከርነል ፈንክሽን)።
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ሪፖርቱም ያማረ ነው። ማሽኑ የሃርድዌር ቆጣሪ (ሲፒዩው ውስጥ ያለ መቁጠሪያ) ስላልተሰጠው ፐርፍ ሲፒዩ ክሎክ ወደሚባለው የሶፍትዌር ምትክ ይዞራል። እሱ የሚሠራው በታይመር ኢንተራፕት ነው። ከርነሉ ኢንተራፕት ዘግቶ ሲሠራ ናሙናው በር ላይ ይጠብቃል፤ በሩ ሲከፈት ይገባና ጥፋቱን በከፋቹ ላይ ይመዘግባል። ሥራውን የበላው ከመቆለፊያው እስከ መክፈቻው ያለው ኮድ ነው። የሃርድዌር ቆጣሪ ግን በኤክስ86 ላይ በማይታገድ ኢንተራፕት ስለሚገባ ይህ አይነካውም።
ስለዚህ ፐርፍ ስታት ላይ ሳይክልስ (የሲፒዩ ዑደት ቆጠራ) "አይደገፍም" የሚል ከሆነ ቨርቹዋል ማሽኑን በሚያስተናግደው ሃይፐርቫይዘር ላይ ቨርቹዋል ፒኤምዩ (የሃርድዌር ቆጣሪው ለቨርቹዋል ማሽን) አስከፍቱ፤ ሃይፐርቫይዘሩ ኬቪኤም ከሆነ የሲፒዩው ሞዴል ሆስት ፓስስሩ ይሁን። ካልተፈቀደላችሁ የአንሎኩን ጠሪዎች አንብቡ፣ ተጠርጣሪው እዚያ ነው።

ምልክት፦ "ናሙና ጠፋ" የሚል ማስጠንቀቂያ።
ፐርፍ ጽፎ ሳይጨርስ ናሙናዎቹ የሚጠራቀሙበት ቋት ሞልቷል። መጀመሪያ ፍጥነቱን ቀንሱ፤ ካልበቃ በትንሿ ኤም 1024 ገጽ ስጡ፣ ባለ 4 ኪሎባይት ገጽ ላይ ለያንዳንዱ ሲፒዩ 4 ሜጋባይት ይሆናል። የጥሪ ሰንሰለቱን በድዎርፍ (ከፕሮግራሙ የዲበግ መረጃ ሰንሰለቱን በሚያወጣው ዘዴ) ጠይቃችሁ ከሆነ ተዉት፤ በየናሙናው 8192 ባይት የተጠቃሚ ስታክ ይገለብጣል፣ ለከርነሉ ሰንሰለት ግን አንዳች አይጨምርም።

ምልክት፦ ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ላይ "ኢንተራፕቱ ረጅም ጊዜ ወሰደ" ይላል።
ከርነሉ የሚፈቅደውን ከፍተኛ የናሙና ፍጥነት በሴኮንድ ከ100000 ወደ ታች እያወረደ ነው። በ99 ለሚቀዳ ሰው አያሳስብም።