ከእንገር እስከ ምጥን ገንፎ፦ ሕፃንን በመጀመሪያው ዓመት እንዴት መመገብ ይቻላል

ጅማ ውስጥ አራስ ልትጠይቅ የመጣች ጎረቤት ገንፎው ቀርቦ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ምክሯን ታዘንባለች፦ «ቅቤ አስውጪው እንጂ፣ አንጀቱ ይለስልስ፤ ጉሮሮውም ደርቋል፣ ጠብታ ውሃ ብታቀምሺው ምን አለበት?» ይህችው ጎረቤት ከሰባት ወር በኋላ ስትመለስ ምክሯ ተገልብጦ ይገኛል፦ «እንቁላሉ እንኳ ይቆይ፣ መጀመሪያ ጥርስ ያብቅል።» በሕፃናት አመጋገብ ላይ የምናየው ስሕተት በአመዛኙ ከእነዚህ ከሁለቱ አይወጣም፤ መቆየት የሚገባው ነገር ያለጊዜው ይሰጣል፣ በጊዜው መሰጠት ያለበት ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ «ምን ልስጠው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «መቼ?» የሚለውንም አብረው ይያዙ።

የመጀመሪያው ሰዓትና እንገር

ሕፃኑ እንደተወለደ ሰውነቱ ተጠራርጎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳው ከቆዳዋ ጋር ተነካክቶ ይደረግ፤ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥም ጡት ይያዝ። በቀዶ ሕክምና የወለደች እናትም ሰው ከደገፋት በጎኗ ተኝታ ማጥባት ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፈር ያለ ቢጫማ ወተት፣ ማለትም እንገሩ፣ ታልቦ የሚጣል ያደረ ወተት ሳይሆን ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቁ ንጥረ ነገሮች የታጨቁበትና የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር እንዲያስወግድ የሚረዳ ምግብ ነው። መጠኑ ማነሱ እናትን ሊያስደነግጣት ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ቀን ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚችለው ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ በመሆኑ እንገሩ ይበቃዋል።

ቅቤ ማስዋጥ፣ የአብሽ ውሃ መጋት ወይም ስኳር በጥብጦ ማጠጣት ያችን ትንሽ ሆድ በከንቱ ይሞላል፣ ጀርም ያስገባል፣ የመጥባት ፍላጎቱንም ያደበዝዛል። ያልተጠባ ጡት ደግሞ ወተት አያመርትም። አማትን ወይም አያትን ማስቀየም የሚከብዳት እናት «እማማ፣ ቅቤውን ለእኔ ገንፎ ያድርጉልኝ» ብትል ቅቤው ትክክለኛ ቦታውን ያገኛል፣ የሽማግሌዋም ክብር ይጠበቃል።

ጡት አያያዝ

የጡት ጫፍ የሚቆስለው በአብዛኛው ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ስለሚጎርስ ነው። የሕፃኑን ጆሮ፣ ትከሻና ዳሌ በአንድ መስመር አድርገው መላ ሰውነቱን ወደ እርስዎ ያዙሩት፤ አንገቱ ብቻ የተጠመዘዘ ሕፃን ሊውጥ ይቸገራልና። የላይኛውን ከንፈሩን በጡትዎ ጫፍ ይነካኩትና አፉ እንደ ማዛጋት በሰፊው እስኪከፈት ይጠብቁ፤ በተከፈተ ጊዜ ጡቱን ወደ እርሱ ሳይሆን እርሱን ወደ ጡቱ ያስጠጉ። በትክክል ሲይዝ አገጩ ጡቱን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍልም ከአፉ በላይ የሚታየው ከአፉ በታች ከሚታየው ይበልጣል። ጉንጩ እየጎደጎደ የመምጠጥ ድምፅ ብቻ ካሰማ ንጹሕ ትንሽ ጣትዎን በአፉ ጥግ አስገብተው ያላቁትና እንደገና ይጀምሩ። ሦስት ጊዜ ማላቀቅ ቢያስፈልግም ማላቀቁ ይሻላል።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ ይጠባል። ልቅሶ የርሃብ የመጨረሻው ምልክት ነው፤ ቀድመው የሚታዩት እጁን ወደ አፉ መውሰድ፣ ምላሱን ማውጣትና ራሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ጡት መፈለግ ናቸው።

ወተቱ ስለመብቃቱ

«ወተቴ አይበቃውም» የሚለው ስጋት ብዙ እናቶችን ጊዜው ሳይደርስ ወደ ጡጦ ይገፋል። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የጡት መጠን ወይም የሕፃኑ ልቅሶ ሳይሆን የረጠበው ጨርቅ ነው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን 6 ወይም ከዚያ በላይ ጨርቅ ወይም ዳይፐር በሽንት የሚያርስና ክብደቱ በሚዛን እየጨመረ የሚሄድ ሕፃን ጠግቧል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ጊዜ ውስጥ ግን የተወለደበትን ክብደት መመለስ ይኖርበታል። ካልመለሰ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም ለመጥባት ከደከመ ነገ ሳይባል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

እስከ 6 ወር ድረስ ውሃም አያስፈልገውም፤ የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት፣ ቫይታሚን ወይም ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናት የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ፣ ለሕፃኑም የታዘዘለትን እየሰጠች እስከ 6 ወር ጡት ብቻ ታጠባለች፤ በእነዚህ ወራት ጡትን ከሌላ ምግብ ጋር መቀላቀል ቫይረሱ የመተላለፍ ዕድሉን ከፍ ስለሚያደርግ «ብቻ» የሚለው ቃል ለእርሷ የበለጠ ይጠብቃል።

አንድ ነገር ስለ ቡናችን። ጅማ ላይ ሆኖ ለአራስ ቡና ክልክል ነው ማለት የሚሰማ አይገኝም፤ ክልክልም አይደለም። ይሁን እንጂ ካፌይን ወደ ወተት ጥቂት ጥቂት ያልፋል፣ የአራስ ሕፃን ሰውነት ደግሞ እርሱን ለማስወገድ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሕፃኑ እንቅልፍ አጥቶ ሲነጫነጭ እናቱ ከአቦል እስከ በረካ ጠዋትና ማታ የምትጠጣ ከሆነ አንድ ሁለት ስኒ ብቻ አድርጋ ለውጡን ትመልከት።

ወደ ሥራ ሲመለሱ

ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው የ90 ቀናት ፈቃድ ስድስቱ ወር ሳይሞላ ያልቃል። መፍትሔው ወተቱን አልቦ ማስቀመጥ ነው። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ አፈ ሰፊ ዕቃ ቀቅለው ያዘጋጁ፣ አውራ ጣትዎን ከጡቱ በላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርገው ከጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው ይያዙ። መጀመሪያ ወደ ደረትዎ ገፋ፣ ቀጥሎ ጣቶቹን ወደ እርስ በርሳቸው ጫን፣ ከዚያ ለቀቅ ያድርጉ። ቆዳውን አይሹት፣ ጫፉንም አይጎትቱት። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጠብታ ብቻ ቢሰጡ ተስፋ አይቁረጡ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጡቶቹን እያፈራረቁ ይቀጥሉ።

የታለበው ወተት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ግን ይህን ቆጠራ አይመኑት። ሲያሞቁት ዕቃውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡ እንጂ ወተቱን እሳት ላይ አይጣዱት።

ለማጠጣት ከጡጦ ይልቅ ሁላችንም ቤት ያለው እጀታ የሌለው የቡና ስኒ ይሻላል፤ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ በሳሙና ታጥቦ ወዲያው ይጠራል፣ እንደ ጡጦ ጎማ ጀርም የሚደበቅበት ስንጥቅና ጥግ የለውም። ሕፃኑን ቀጥ አድርገው ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፣ እጆቹን በነጠላ ሰብሰብ ያድርጉ፣ የስኒውን ከንፈር በታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፈው ወተቱ የላይኛውን ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ያዘንብሉ። አያፍስሱበት፤ ምላሱን ዘርግቶ ራሱ ይልሳል ወይም ፉት ይላል፤ ሲያርፍም ስኒውን ሳያነሱ ይጠብቁት።

የዱቄት ወተት ሲያስፈልግ

እናት ስትሞት፣ ከባድ ሕመም ሲያጋጥማት ወይም ሐኪም ሲወስን የዱቄት ወተት ሕይወት ያድናል፤ እርሱን ያዘጋጀች እናትም ልትወቀስ አይገባም። አዘገጃጀቱ ግን ቸልታን አይታገስም፤ ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ፍጹም የነጻ አይደለምና። ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ጅማ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ከቆየ በኋላ ያውርዱት፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ሳይቆይ፣ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ በፊት ይጠቀሙበት፤ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ጀርም የሚገድለው ይህ ሙቀት ነውና። መጀመሪያ ውሃውን ለክተው ይቅዱ፣ ቀጥሎ በቆርቆሮው ውስጥ ባለው ማንኪያ፣ አፉ በቢላ ጀርባ ተስተካክሎ፣ የተጻፈውን ያህል ዱቄት ይጨምሩ። ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረው ያብርዱት፣ በእጅ አንጓዎ ላይ ጠብ አድርገው ይሞክሩት። በ2 ሰዓት ውስጥ ያልተጠጣው ይደፋል።

ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን በቀን በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ 4 ኪሎ የሚመዝነው 600 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በ8 ጊዜ ቢከፈል በአንዴ 75 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቆርቆሮው ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ማቅጠን ሕፃኑን እያጠጡ ማስራብ ነው፤ ማወፈርም ኩላሊቱን ይጎዳል። የላም ወተት ዓመት ሳይሞላው ዋና መጠጡ አይሁን፤ ብረት ያንሰዋል፣ ፕሮቲኑና ጨዉም ይበዛበታል።

ስድስት ወር ሲሞላ

ሲወለድ ይዞት የመጣው ብረት በዚህ ጊዜ እያለቀ ስለሚሄድ ምግብ መጀመር ከዚህ በላይ አይዘገይም፤ ጡቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

ለምጥን ዱቄት ሦስት እጅ እህል፣ ማለትም ጤፍ፣ በቆሎ ወይም አጃ፣ ከአንድ እጅ ምስር፣ ሽምብራ ወይም አተር ጋር ይወሰዳል። በቆሎውን አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ የሻገተ ፍሬ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ቢበስልም የማይጠፋ መርዝ ሊኖረው ይችላል። ጥራጥሬው ተነክሮ አድሮ፣ ደርቆ፣ ለስለስ ባለ እሳት ታምሶ ይከካ። ወፍጮ ቤት ሲሄዱም በርበሬ ከተፈጨበት ወፍጮ ይራቁ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሳልጠይቅ አስፈጭቼ ያመጣሁትን ዱቄት ሕፃኑ በመጀመሪያው ጉርሻ እያለቀሰ ተፍቶታል።

ሲያበስሉ ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ሳይጓጉል እሳት ላይ ያድርጉት፣ እያማሰሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያብስሉት። ሊወርድ ሲል ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ፣ ካሮት ወይም የጎመን ቅጠል፣ በደንብ የሚበስል አንድ የተመታ እንቁላልና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨምሩበት። ውፍረቱን በማንኪያ ይፈትሹ፦ ማንኪያው ሲዘነበል እንደ ሾርባ የሚፈስ ከሆነ ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም፤ ተጠራቅሞ በቀስታ የሚወርደው ትክክለኛው ነው። ቡላና ጎደሬም ለልጅ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ፕሮቲናቸው በጣም አነስተኛ ስለሆነ ያለ እንቁላል፣ ወተት ወይም ጥራጥሬ ብቻቸውን አይበቁም። ከሄርማታ ገበያ የተገዛ የበሰለ አቮካዶ በሹካ መድቀቅ ብቻ ስለሚፈልግ በችኮላ ቀን ከሁሉም ይቀላል።

መጀመሪያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይስጡ፤ እስከ 8ኛው ወር መጨረሻ በአንድ ገበታ ወደ ግማሽ ኩባያ ያድጋል። ከ9 እስከ 11 ወር 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመካከሉም ሙዝ ወይም ፓፓያ ይጨመርለታል። ደቆ የተከተፈ ሥጋ ወይም ጉበት ጥርስ አይጠብቅም። ፊቱን ካዞረ ይተዉት እንጂ አይጋቱት፤ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 8 ወይም 10 ጊዜ መሞከር ሊያስፈልግ ይችላል።

ማር፣ የእኛ የጫካ ማርም ቢሆን፣ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችለው ቦቱሊዝም አምጪ ጀርም የሕፃንን ጡንቻ ያሽመደምዳል። ሻይና ቡና ብረቱን ስለሚይዙበት፣ ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ስለሚያንቁት ይቅሩበት። ሲያመው ጡቱንም ምግቡንም አያቋርጡ፤ ሲድን ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ይስጡት። 6 ወር ሲሞላው ለቫይታሚን ኤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱትም በዚያው ይመዘን።

በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካካ በመስጋት የልጁ እንቁላልና ወተት የሚቋረጥባቸው ቤቶች አሉ። ለልጁ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ማማሰያና ሳሕን ለይቶ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታዋል። ዓመት ሲሞላው ከቤተሰቡ ወጥ መካፈል ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ምስሩ ወይም ድንቹ በስሎ በርበሬው ድስቱ ውስጥ ሳይገባ በፊት የእርሱን ድርሻ በጭልፋ ጨልፈው በዚያችው ትንሽ ድስት ያስቀምጡለት።